ገንፎና ስንጥር፦ ስለ እጅ ምትሃትና ስለ ተመልካች ጥርጣሬ

፩

«ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ተረት ያደገ ተመልካች ፊት፣ በሁለት ክንድ ርቀት ተቀምጦ ሳንቲም ሊሰውር የተነሣ ሰው፣ ሥራውን ሳይጀምር የተጠረጠረ ሰው ነው። ልናነሣው የፈለግነውም ይህንኑ ጉዳይ ነው። የእጅ ምትሃት፣ ማለትም በመድረክ ላይ ሳይሆን በቅርብ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ወይም በመደብ ላይ ሆኖ በሳንቲም፣ በካርታ፣ በክርና በስኒ የሚሠራው ጨዋታ፣ የተመልካቹን ጥርጣሬ እንዴት ያመልጣል? ለመሆኑስ ማምለጥ አለበት ወይ?

በግቢያችን ይህን ጨዋታ የሚሞክሩ ተማሪዎች እየበዙ ነው። ከስልክ ላይ ያዩትን በዶርም አልጋ ላይ ይለማመዱታል፤ ለዕረፍት ወዳገር ቤት ሲሄዱም ይዘውት ይሄዳሉ። ስለ ጉዳዩ ክርክር ሲነሣ ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንደኛው ወገን «ይህ ማታለል ነው፤ ከኪነ ጥበብ ተራ አይገባም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «እጅህ ይፍጠን እንጂ፣ ካልያዙህ አሸንፈሃል» ባይ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ጥርጣሬ አንድ ብቻ ይመስላቸዋል። ጥርጣሬ ግን ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የእጅ ጥርጣሬ ነው። «ሳንቲሙ የት ገባ? በየትኛው እጁ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው የሰው ጥርጣሬ ነው። «ይህ ሰውዬ ምንድን ነው? ከምን ጋር ነው የሚውለው?» የሚል ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት በብዛት የሚያስተምሩት የመጀመሪያውን መሸሽ ነው። እኛ አገር ደሞ ሁለተኛው አለ። አስቸጋሪው ነገር የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ መሆኑ ነው። እጁን ፈጽሞ እንዳይጠረጠር ባደረገ ቁጥር ሰውዬው ራሱ እየተጠረጠረ ይሄዳል። ምክንያቱም በእጅ ያልተሠራ ነገር በሌላ ነገር ተሠርቷል ማለት ነው።

፪

እስቲ አስቀድመን ቋንቋችን ይህን ሙያ ምን ብሎ እንደሚጠራው እንመልከት። «ምትሃት» ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው፤ ለዓይን የሚታይ ግን አካል የሌለው ነገር ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ ደቀ መዛሙርቱ ጌታ በባሕር ላይ ሲራመድ ባዩት ጊዜ በድንጋጤ የጮኹት ይህን ቃል ጠርተው ነው። «አስማት» ደግሞ በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። በክታብ ላይ የሚጻፉት የተሰወሩ ስሞች ሙያውን በሙሉ በስማቸው አስጠሩት። እንግዲህ አንድ ተማሪ ብድግ ብሎ «ምትሃት ላሳያችሁ» ወይም «አስማት አውቃለሁ» ሲል፣ ሳያስበው፣ ወይ መንፈስ ላሳያችሁ ወይ ስም ልጥራባችሁ እያለ ነው። «ማጂክ» ማለትም የሚያዋጣው ከተማ ውስጥ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ጥበብ፣ ጠቢብ፣ ጠይብ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ጥበብ ስንል እናከብራለን፤ ጠቢብ ስንል ሰሎሞንን እናስባለን። ጠይብ ስንል ግን ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የምትሠራውን ማለታችን ነው፤ ባንድ አፍም ቡዳ ማለታችን ነው። ሌላው ስሙ «ባለእጅ» ነው። ልብ በሉ፤ ባለእጅ! እጅ ያለው ሁሉ ሌላው ሰው ነው፤ ነገር ግን እጁ ከሌላው ሰው እጅ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በእጁ ተሰደበ። ማረሻውን ሠርቶ ለገበሬው ሰጠ፤ ገበሬው በማረሻው አርሶ በላ፤ ማታ ግን «ጅብ ሆኖ ይወጣል» ተብሎ ተወራበት። ልጁ ከጎረቤት ልጅ ጋር እንዳይጋባ ተከለከለ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያዎችን በሥራቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ያስፈለገው ስድቡ ሥር ስለ ሰደደ ነው፤ ስድቡም በአዋጅ ብቻ አልተነቀለም።

ዋግ ኽምራም ከሌላው ደገኛ አገር በዚህ የተለየ አይደለም። ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ሰሃላ የሚወርድ ሰው፣ አማርኛም ይናገር ኽምጣኛ፣ ቡዳ የሚለውን ወሬ ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ነው ያደገው። እንግዲህ በእንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ሳንቲም ከሕፃን ጆሮ ማውጣት ቀላል ጨዋታ አይደለም። በሌላ አገር ትርኢቱ ቢበላሽ ሰውዬው ይሳቅበታል፤ ያልቃል። እኛ ዘንድ ትርኢቱ ሲያምር ነው አደጋው የሚመጣው። ነገ የጎረቤት ልጅ ቢታመም «ያ ጆሮውን የነካው» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ስለ ጥርጣሬ መወያየት የቴክኒክ ወሬ ብቻ አይደለም። ሰው በሰውነቱ የሚጠረጠርበትን ልማድ እናጠናክረው ወይስ እናላላው የሚል ጥያቄ ነው።

፫

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1584 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት ስለ ጥንቆላ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ጠንቋይ ናቸው እየተባሉ ሰዎች፣ ይልቁንም ደካማ ሴቶች፣ ይከሰሱና ይገደሉ ነበር። ስኮት ከመጽሐፉ ከፊሉን የሰጠው ሳንቲም፣ ኳስና ካርታ እንዴት እንደሚሰወር ለማስረዳት ነው። ይህን ያደረገው የባለሙያዎቹን እንጀራ ለመዝጋት አልነበረም። «ተአምር የሚመስላችሁ ነገር በጣት መሐል ነው ያለው፤ እንግዲህ ሰው ከመግደላችሁ በፊት ጣት እዩ» ለማለት ነው። በዓለም ላይ ስለ እጅ ምትሃት በጽሑፍ ከቀረቡት ቀደምት ማብራሪያዎች አንዱ የተጻፈው እንግዲህ ሰውን ከሰው ጥርጣሬ ለማዳን ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ሌላ ሰው አለ። ፈረንሳዊው ሮበር ኡደን የዘመናዊ ምትሃት አባት ይባላል። ሙያው ከሰዓት ሠሪነት የተነሣ ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ ወደ አልጀሪያ ላከው። ተልዕኮው በሕዝቡ ዘንድ የሚከበሩትን የሃይማኖት ሰዎች ኃይል በትርኢት ማሳነስ ነበር። ከታች ብረት ያለውን ትንሽ ሣጥን መድረክ ላይ አኖረና አንድ ጎበዝ ጠርቶ «አንሣ» አለው፤ ጎበዙ ባንድ እጁ አነሣው። ቀጥሎ «አሁን ጉልበትህን ወስጄብሃለሁ» አለውና እንደ ገና «አንሣ» ቢለው ሣጥኑ አልነቃነቅ አለ። ከመድረኩ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነበር። የአረብ ሹማምንቱ ያን ጊዜ የጠረጠሩት ሣጥኑን አይደለም፤ የፈረንሳይን ኃይል ነው። ኋላ ነገሩ ብልኃት መሆኑ እንደተነገራቸው ሰውዬው ራሱ ጽፏል፤ ነገር ግን ፍርሃቱ አስቀድሞ ሥራውን ሠርቷል።

ሁለቱ ሰዎች ያወቁት ጥበብ ያው ነው። ስኮት ጥርጣሬውን ከሰው ላይ አንሥቶ እጅ ላይ አኖረው። ሮበር ኡደን ከእጅ ላይ አንሥቶ ሰው ላይ፣ ይባስ ብሎም መንግሥት ላይ አኖረው። በእኛ አመለካከት የምትሃት ሒስ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ትርኢቱ ሲያልቅ ጥርጣሬው ማን ላይ ነው የቀረው?

፬

አሁን ወደ እጁ እንምጣ፤ እጁን የናቀ ሐያሲ ስለ ምትሃት አላወራምና።

ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ዳይ ቨርነን (ከ1894 እስከ 1992 እ.ኤ.አ.) ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ባንድ ቃል ይጠቀለላል፦ ተፈጥሯዊ ሁን። ምስጢር የያዘች እጅ ምንም ካልያዘች እጅ ልዩነት ሊኖራት አይገባም። ሳንቲም በመዳፉ ሥጋ መሐል ቆንጥጦ የያዘ ጀማሪ የሚጋለጠው ሳንቲሙ ስለታየ አይደለም፤ አውራ ጣቱ ስለ ደረቀ ነው። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቅም «እቺ እጅ ዛሬ ምን ሆናለች?» ይላል። ጥርጣሬ የሚወለደው እዚያ ላይ ነው።

ተመራማሪዎችም ነገሩን ፈትሸውታል። ጉስታቭ ኩን እና ቤንጃሚን ታትለር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ምትሃተኛው ሲጋራና ላይተር በግልጽ፣ በሰው ፊት፣ ጭኑ ላይ ይጥላል። አብዛኞቹ ተመልካቾች አላዩትም። የሚገርመው፣ ያዩትንና ያላዩትን የለየው ዓይናቸው ያረፈበት ቦታ አልነበረም። እንግዲህ መሰወር ያለበት ከዓይን ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ከሐሳብ ነው።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን «ተፈጥሯዊ» ሲባል የማን ተፈጥሮ? የኒውዮርክ ጠረጴዛ ተፈጥሮ የሰሃላ መደብ ተፈጥሮ ነው ወይ? ከስልክ ላይ የተማሩ ጓደኞቻችን የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለናል። ነጥብ በነጥብ እንየው።

አንደኛ፣ አቀማመጥ። በቪዲዮው ላይ ተመልካች ማለት ካሜራ ነው፤ ፊት ለፊት ብቻ ነው ያለው። በኛ ቤት ግን ሰው ዙሪያውን ነው የሚቀመጠው። ሽማግሌ በመደቡ ላይ፣ ጎረምሳ በስተኋላ ቆሞ፣ ሕፃናት ከመሬት። የሁሉም አደገኛ ሕፃናቱ ናቸው፤ እጅህን ከሥር ነው የሚያዩት። መዳፍህን ወደ ታች ገልብጠህ ከአዋቂ ብትሰውር፣ ለሕፃን አስረከብከው ማለት ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ተደግፎ ማዕዘን ላይ መቀመጥ፣ ሕፃናቱንም «ኑ፣ እዚህ አጠገቤ» ብሎ ከጎን ማድረግ ግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ልብስ። ጋቢ የለበሰ ሰው ሳንቲም ቢሰውር ማንም አይደነቅም፤ ጋቢ ውስጥ እኮ በግም ይገባል። ብዙ መደበቂያ ያለው ሰው ብዙ ይጠረጠራል። ጋቢውን አውልቆ፣ እጅጌን ሰብስቦ መቀመጥ ይበጃል። ግን ዝም ብሎ! «እዩ፣ እጅጌዬ ውስጥ ምንም የለም» ያለ እንደሆነ ሳይጠየቅ የማለ ምስክር ይሆናል። ማንም ያላሰበውን እጅጌ አሳሰበ።

ሦስተኛ፣ የመስጠት ሥርዓት። ይህን ማንም የፈረንጅ መጽሐፍ አይነግርህም። በግራ እጅ ለታላቅ ሰው ዕቃ አይሰጥም፤ ነውር ነው። በቀኝ፣ ግራውን ከክንድ ሥር አስደግፎ፣ ወይም በሁለት እጅ ነው የሚሰጠው። አሁን በቪዲዮው የተለመደውን አስቡት። ሳንቲሙን ከቀኝ ወደ ግራ ያስተላለፈ መስሎ፣ ባዶውን ግራ ጨብጦ ወደ ተመልካቹ ይዘረጋል። በሰቆጣ ቤት ይህን ያደረገ ተማሪ የእጅ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር የቤቱ ዓይን ሁሉ ግራ እጁ ላይ ይተከላል። በምትሃት ጠርጥረውት አይደለም፤ «ይሄ ልጅ ሥነ ሥርዓት አያውቅም?» ብለው ነው። ጨዋነቱን ያጎደለ እጅ ራሱን አጋለጠ። ብልኁ ሰው ግን ይህንኑ ሥርዓት መሸሸጊያው ያደርገዋል። ሁለት እጁን ገጥሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሳንቲሙን ለአባ እከሌ ሲያቀብል ሁለቱ እጆች የተገናኙበትን ምክንያት የሚጠይቅ ማንም የለም። አክብሮት ነዋ!

አራተኛ፣ ዓይን። መጽሐፉ «ተመልካቹን ዓይን ዓይኑን እየው፤ እሱም ቀና ይልልሃል፤ እጅህ ነጻ ትወጣለች» ይላል። እኛ ጋ ወጣት ታላቁን ትክ ብሎ አያይም። ካየ ወይ ባለጌ ነው፣ ወይ ደግሞ፣ ከቡዳው ወሬ የተነሣ፣ ዓይኑ አያምርም። ታዲያ ሐሳብን በምን እንውሰድ? በቃል። «አባ፣ እርስዎ ይፍረዱ እስቲ፤ ይሄ ሳንቲም ሐሰተኛ ነው እውነተኛ?» ቢባሉ ሽማግሌው ራሳቸው ቀና ይላሉ፤ ቤቱም ሁሉ ወደሳቸው ይዞራል። በመከበር የተወሰደ ሐሳብ መወሰዱን አያውቅም።

አምስተኛ፣ ጊዜ። የቡና ሥርዓት ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ የሚጠብቅበትና የሚላላበት ሰዓት አለው። ስኒው ሲታደል ሁሉም ስኒውን ነው የሚያየው፤ «አቦሉ ጥሩ ነው» ሲባል ሁሉም ይነቃነቃል። ድብቁ ሥራ መሠራት ያለበት ያን ጊዜ ነው፤ ትርኢቱ ገና አልተጀመረም ተብሎ በሚታሰብበት ሰዓት። ጨዋታው «ሲጀመር» ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። ሕፃናቱ «ድገመው! ድገመው!» ሲሉ ደግሞ ያንኑ በዚያው መንገድ አለመድገም ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ተመልካቹ የሚሆነውን አያውቅም፤ በሁለተኛው ያውቃል፤ የሚጠብቅበትንም ቦታ መርጦ ይቀመጣል።

፭

እነዚህ አምስቱ የእጅን ጥርጣሬ ያስታግሳሉ። የሰውን ጥርጣሬ ግን አይነኩትም፤ እንዲያውም ሊያብሱት ይችላሉ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ነገር ይህ ጸሐፊ አይቷል።

በነሐሴ፣ የሻደይ ሰሞን፣ ከሰሃላ የሆነ አንድ ተማሪ በሁለት የተለያዩ ምሽቶች፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች አንድ ዓይነት ጨዋታ አሳየ። ባንድ ብር ሳንቲም የሚሠራ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ልክ እንደ ቪዲዮው ሠራው። ፊቱን ቋጥሮ፣ ዝም ብሎ፣ ቀስ እያለ። ሳንቲሙ ጠፋ፤ ከአንድ ሕፃን ጆሮ ወጣ። እጁ እንከን አልነበረበትም፤ ማንም አልያዘውም። ታዲያ ምን ሆነ? የሳቀ ሰው የለም። የልጁ አያት ሕፃኑን ወደ ራሳቸው ስበው፣ በስመ አብ ብለው፣ ጆሮውን እትፍ እትፍ አሉበት። ከዚያም ተማሪውን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። «ከማን ተማርከው?» አሉት። «እንዴት አደረግከው?» አላሉም። ያ ጥያቄ ስለ እጅ የተጠየቀ አይደለም።

በሁለተኛው ምሽት ከቤቱ ልጆች ጋር እንቆቅልሽ ሲጫወት ቆየ። ተራው ሲደርስ «እንቆቅልሽ» አለ። «ምን አውቅልህ» አሉት። «ቀኝ እጄ ሌባ ናት፣ ግራው ተባባሪዋ፤ የሰረቁትን የያዘ ዳኛ ይሁን» አላቸው። ከአንድ ሽማግሌ አንድ ብር ለምኖ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ እሳቸውንም ዳኛ አደረጋቸው። ሳንቲሙ ጠፋ። ልጆቹ ተንጋግተው እጁ ላይ ሰፈሩ፤ አንዱ ቀኙን ሲፈለቅቅ ሌላው ግራውን። አጡት። «በሉ፣ አገር ስጡኝ» አለ። ሰቆጣን ቢሰጡት አልወስድም አለ፤ ላሊበላን ሲጨምሩለት ተቀበለ። ሳንቲሙም ከዳኛው ስኒ ሥር ተገኘ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ በሁለተኛው ምሽት እጁ ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር። አውራ ጣቱ ደርቃለች፤ ዳኛውም ሳያዩዋት አልቀሩም። ፈገግ ብለው ዝም አሉ። እንግዲህ የሒስ ሚዛናችን ይህን ይመዝን። በመጀመሪያው ምሽት ማንም አልያዘውም፤ ሰዎቹም ፈሩት። በሁለተኛው አንድ ሰው ምናልባት ያዘው፤ ሰዎቹም ወደዱት። «ካልያዙህ አሸንፈሃል» የሚለው ሚዛን ለመጀመሪያው ምሽት ነው የሚፈርደው። እኛ ለሁለተኛው እንፈርዳለን።

፮

የሁለተኛው ምሽት ምስጢር ምንድን ነው? ተማሪው ጥርጣሬውን አልሸሸም፤ አስቀድሞ ጠራው፤ ቦታም ሰጠው። «እጄን ጠርጥሩ» አለ። እጁ በይፋ ሲጠረጠር ሰውነቱ ነጻ ወጣ።

ይህ ደግሞ ለባህላችን አዲስ አይደለም። እንቆቅልሽ ማለት ውል ነው። ጠያቂው የደበቀው ነገር እንዳለ ይታወቃል፤ ተጠያቂው ለመፈለግ ይስማማል፤ ያቃተው አገር ይሰጣል። አገሩን የሰጠ ሰው አልተታለለም፤ ተጫወተ እንጂ። ቅኔውም ያው ነው። አዝማሪው በጠጅ ቤት ከፊትህ ቆሞ፣ ትንፋሹ እየተሰማህ፣ ወርቁን በሰሙ ውስጥ ሲከት ታየዋለህ፤ ግን አታየውም። የገባው ይስቃል፤ ያልገባው የሳቀውን ይጠይቃል። ማንም አዝማሪውን «ዋሸኝ» ብሎ አይከስም። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ሰምና ወርቅ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነገርን በሁለት ትርጉም መናገር የአማራው ኅብረተሰብ የኑሮ ዘይቤ መሆኑን ጽፏል። ትዝብቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከኑሮው ወደ ጨዋታው ስንመለስ ጥርጣሬ በሽታ ብቻ ሆኖ አናገኘውም። ድግስም ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ እየሳቀ፣ አብሮ የሚጠረጥርበት ድግስ።

ትያትርም ውሉ ይኸው ነው። ኋላ በቴሌቪዥን ለሕፃናት ተረት በመንገር አገር ሁሉ ያወቃቸው፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሴት ተዋንያን መድረክ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር። ተመልካቹ ወንድ መሆናቸውን ያውቃል፤ አውቆም ያለቅሳል። መጋረጃውና መድረኩ ውሉን ተናግረዋልና «ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው ሴት የሆነው?» የሚል ጥያቄ አልተነሣም። የእጅ ምትሃት ችግር መጋረጃ የሌለው መሆኑ ነው። መደብ ላይ፣ በቡና መሐል፣ በድንገት ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጋረጃውን በቃሉ መስፋት ያለበት ምትሃተኛው ራሱ ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ አንሸሽገውም። እንቆቅልሽ ጠያቂ አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን ይናገራል። ምትሃተኛ አይናገርም። አገር ወስዶ መልስ የማይሰጥ ሰው ባለዕዳ ነው። ዕዳውን በምን ይክፈል? በእኛ አስተያየት መንገዱን መግለጥ የለበትም፤ ዓይነቱን ግን መናገር አለበት። «እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ በእጅ መሆኑን ግን እነግራችኋለሁ፤ ከተለማመዳችሁ እናንተም ትችሉታላችሁ» ማለት ይበቃል።

፯

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። «በእጅ ነው ብለህ ከነገርከኝ ታዲያ ምኑን ተደነቅሁ? ምስጢሩ ሲገለጥ ጣዕሙ ይሞታል» የሚል። ለዚህ መልሳችን አጭር ነው። ሸማ በእጅ መሠራቱን ስላወቅህ ጥለቱ ደብዝዞብህ ያውቃል? ከሰቆጣ አጠገብ ያለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአለት በሰው እጅ መፈልፈሉን ስላወቅህ አነሰብህ? መደነቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ከሰው በላይ ነው» ብሎ መስገድ ነው። ሁለተኛው «ሰው ነው ይህን የሠራው!» ብሎ መቆም ነው። የመጀመሪያው የሰውን እጅ ያሳንሳል፤ ሁለተኛው ከፍ ያደርገዋል። አገራችን ከሁለቱ የትኛው እንደጎደላት ባለእጆቿን ጠይቁ።

ደግሞስ ይህን የእጅ ጥበብ የሚያውቀው ለጨዋታ የተቀመጠው ተማሪ ብቻ ነው? ጥቁር ወረቀት አጥቦ ዶላር አወጣለሁ የሚለው አጭበርባሪም ያውቀዋል። ገንዘብህን በፖስታ አሽጌ አባዛልሃለሁ ብሎ ፖስታውን የሚለውጠውም፣ ከታማሚ ሆድ ድንጋይ አወጣሁ የሚለውም ያውቀዋል። የእነዚህ ሰዎች እጅ ከምትሃተኛው እጅ አይለይም። የሚለየው ከትርኢቱ በኋላ እንድናምን የሚፈልጉት ነገር ነው። እነሱ የሚፈልጉት እጃቸውን ረስተን ሰውነታቸውን እንድናምን ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ጥርጣሬን ፈጽሞ ማጥፋት የቻለ ምትሃተኛ፣ ሳያውቀው፣ ለነዚህ ሰዎች ተመልካች እያሠለጠነላቸው ነው። «እጄን ጠርጥሩ» የሚለው ግን በጨዋታ መካከል ለሕዝቡ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ያልገባህ ነገር ሁሉ መንፈስ አይደለም፤ ቆም ብለህ እጅ እይ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ምትሃት ለምትለማመዱ ጓደኞቻችን የምንለው ይህ ነው። እጃችሁን አለስልሱ፤ የቤቱን ሥርዓት፣ የቡናውን ሰዓትና የሽማግሌውን ክብር ከቪዲዮው በፊት አጥኑ። ነገር ግን ሥራችሁን «ማንም አልያዘኝም» በሚለው ብቻ አትለኩት። ስትጨርሱ ተመልካቹ የጠየቃችሁን ጥያቄ አድምጡ። «ከማን ተማርከው?» ከሆነ፣ እጃችሁ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው አልተሳካም። «የት ደበቅከው?» ከሆነ ተሳክቷል። ገንፎው ተበልቷል፤ ስንጥሩም የት እንዳለ ሁሉም እየሳቀ በመፈለግ ላይ ነው።